አንጎል በእርጅናም ይማራል፦ በየቀኑ ስለምንሠራው ሥራና ስለ አንጎል ጤና የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እንዲሁም ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

የዛሬው ንግግሬ በየቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ የምንሠራቸው ሥራዎች በአንጎላችን ላይ ስለሚያመጡት ለውጥ ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉንም ለመዳሰስ አልሞክርም። በአገራችን ለታላላቆቻችን ያለንን ክብር ከምንገልጽባቸው መንገዶች አንዱ ሥራቸውን ከእጃቸው መቀበል ነው። እናት ዕድሜያቸው ሲገፋ ገበያ መውጣቱን፣ ወጥ መሥራቱን፣ የቤቱን ወጪ ማስላቱን ልጆች ወይም ሠራተኛ ይረከባሉ፤ አባትም የውኃና የመብራት ሊከፍሉ፣ ባንክ ሊሄዱ፣ የተበላሸ በር ሊጠግኑ ሲነሡ «ኧረ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» ይባላሉ። ይህ ልማድ ከፍቅር የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ ስለ አንጎል ዛሬ የሚታወቀውን ሳገናዝብ፣ እንዲህ ያለው ዕረፍት ሳናስበው ወላጆቻችንን የምንጎዳበት ነገር ሆኗል ብዬ አምናለሁ፤ ለምን እንዲህ እንደማምን በማስረጃ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነርቭ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ በእጃቸው በመሣል ለዓለም ካሳወቁት ሊቃውንት ታላቁ ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነበሩ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1906 የኖቤልን ሽልማት ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር ተካፍለዋል። ካሃል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሳተሙት ሥራ፣ በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ ያሉት የነርቭ መንገዶች ያለቀላቸውና የማይለወጡ መሆናቸውን፣ የሞተውም ሕዋስ እንደማይተካ ጻፉ፤ አያይዘውም ይህን ጨካኝ ፍርድ መለወጥ ቢቻል የመጪው ዘመን ሳይንስ ድርሻ እንደሚሆን አመለከቱ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የፊተኛውን ቃል አጥብቀው ያዙ፤ የኋለኛውን ግን ብዙም አላስታወሱትም። ዛሬም አንድ አዛውንት «ከእንግዲህ ወዲህ ምን እማራለሁ» ሲሉ የምንሰማው ያንኑ አሮጌ ፍርድ ነው።

ፍርዱ መናጋት ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ በርክሊ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማርክ ሮዘንዝዌይግ፣ ዴቪድ ክሬች፣ ኤድዋርድ ቤኔትና ማሪያን ዳያመንድ አንዳንድ አይጦችን ለየብቻ በባዶ ሣጥን፣ ሌሎችን ደግሞ መሰላልና መጫወቻ ባለበት ሰፊ ስፍራ በማኅበር አኖሩ። ቆይተው ሲመረምሩ በማኅበር የኖሩት አይጦች የአንጎል ቅርፊት ከብቸኞቹ ይልቅ ወፍሮ ተገኘ። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ መጫወቻዎቹ በየጊዜው ይለዋወጡ ነበር። አይጦቹ አንዱን ዕቃ ለምደው እንዳይሰለቹት፣ ሁልጊዜም የሚመረምሩት አዲስ ነገር እንዲኖራቸው ተደርጎ ነበር። ፕሮፌሰር ዳያመንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናትም 904 ቀን ዕድሜ ያላቸው፣ ማለትም በአይጥ ዕድሜ እጅግ ያረጁ እንስሳት እንኳ ኑሯቸው ሲለወጥ አንጎላቸው እንደሚለወጥ አሳይተዋል።

በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ እያንዳንዱም ከብዙ ሌሎች ሕዋሳት ጋር ሲናፕስ በሚባሉ ጥቃቅን መገናኛዎች ይነጋገራል። መማር ስንል በአብዛኛው በእነዚህ መገናኛዎች ላይ የሚደርሰውን ለውጥ ማለታችን ነው፤ አብረው ደጋግመው የሠሩ ሕዋሳት መገናኛቸው ይጠነክራል፣ ያልተሠራበት ደግሞ እየደከመ ይሄዳል። ይህ መጠንከር በቤተ ሙከራ በግልጽ ተለክቶ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ሥራውን ያከናወኑት ቲም ብሊስና ቴርዬ ሎሞ የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በአዋቂ ሰው አንጎል ውስጥ አዲስ ሕዋስ ይወለዳል ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ያከራክራል። እኛ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ያሉት ሕዋሳት እስከ ዕድሜ ፍጻሜ መገናኛቸውን መለዋወጣቸው የተረጋገጠ ነውና።

አሁን ወደ ሰው ልሂድ። በለንደን ጥቁር ታክሲ ለመንዳት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ከባድ ፈተና ይጠብቀዋል። ቻሪንግ ክሮስ ከሚባለው የከተማው እምብርት እስከ ስድስት ማይል ዙሪያ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች ከነሆቴላቸው፣ ከነሆስፒታላቸው፣ ከነቲያትር ቤታቸው በቃሉ ይዞ፣ ፈታኙ ከዚህ እስከዚያ ውሰደኝ ሲለው መንገዱን ሳያመነታ መናገር ይኖርበታል። ዝግጅቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሊነር ማጓየር የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት የእነዚህን ሾፌሮች አንጎል በኤምአርአይ መርምረው፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ከጆሮ ግንድ በስተውስጥ በግራና በቀኝ የሚገኘው የትዝታና የአቅጣጫ ክፍል በኋለኛው ጫፉ ከሌሎች ሰዎች ገዝፎ አገኙት። አንድ ሰው ግን፣ ቀድሞውንም እንዲህ ያለ አንጎል የነበራቸው ሰዎች ይሆናሉ ሾፌር የሚሆኑት ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ መልስ የተገኘው ማጓየርና ካትሪን ዉሌት 79 ሠልጣኞችን ከመጀመሪያው ጀምረው በተከታተሉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት ነው። ሥልጠናው ሲጀመር በሠልጣኞቹ መካከል ልዩነት አልነበረም፤ ከዓመታት በኋላ ፈተናውን ያለፉት 39 ሰዎች ሂፖካምፐሳቸው ሲያድግ፣ ባልተሳካላቸውና ጭራሹን ባልሠለጠኑት ላይ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ሁሉም አዋቂዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ነው። በዚህ ጥናት ማጓየርና ባልደረቦቻቸው የታክሲ ሾፌሮችን ከለንደን አውቶቡስ ሾፌሮች ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓይነት መጨናነቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲነዱ ይውላሉ፤ ልዩነታቸው የአውቶቡሱ ሾፌር በተወሰነለት መስመር መመላለሱ፣ ባለ ታክሲው ግን ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ መንገድ ማሰብ ያለበት መሆኑ ነው። የሂፖካምፐሱ ዕድገት የተገኘው በባለ ታክሲዎቹ ላይ ብቻ ነበር። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሥራ መብዛቱ ወይም ቀኑ መጣበቡ ብቻውን አንጎልን እንደማይለውጥ ነው፤ የሚለውጠው አሁንም ጥቂት የሚያስቸግረን፣ ትኩረታችንን የሚጠይቅ፣ ደጋግመን የምንሠራውና እርግጠኛ ጥቅም ያለው ሥራ ነው። ለእውነትም ያህል ልጨምር፣ ለውጡ ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ባለ ታክሲዎቹ አንዳንድ ከመንገድ ጋር ያልተያያዙ አዳዲስ ምስሎችን በማስታወስ ረገድ ከሌሎች ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። አንጎል ቦታውን ለምናዘወትረው ነገር ይሰጣል።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ታክሲ በመንዳት ልጆቻቸውን ያሳደጉ ብዙ ወገኖቻችን ይህን ታሪክ ከኔ የበለጠ ይረዱታል፤ ከተማውን በቃላቸው ያጠኑበት ዘመን ነበር፣ ከዚያም ስልኩ መንገድ መሪ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሁጎ ስፓየርስና ባልደረቦቻቸው ለንደን ውስጥ ሶሆ የሚባለውን ሰፈር በሚያሳይ ፊልም ላይ መንገድ እየፈለጉ እንዲሄዱ የተደረጉ ሰዎችን አንጎል ሲለኩ፣ ሰዎቹ ራሳቸው መንገድ ሲመርጡ ሂፖካምፐሳቸው ይነቃቃል፤ መሣሪያው ሲነግራቸው ግን ያ ተጨማሪ መነቃቃት አይታይም። ስልኩን ጣሉት አልልም። ነገር ግን የታወቀ ሰፈር ሲሄዱ መንገዱን ከራስ ማውጣት፣ ከሄዱበት በሌላ በኩል መመለስ ለማንም የሚቻል ነው። በአዲስ አበባ እኛ ቦታ የምናገኘው በመንገድ ስም ሳይሆን በምልክት ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ እያልን ካርታውን በሐሳባችን እንሥለዋለን። ከተማው እየፈረሰ እየተገነባ ምልክቶቹ በጠፉበት በአሁኑ ጊዜ፣ አባታችን የተወለዱበትን ሰፈር እንኳ ማወቅ ሲቸግራቸው «መንገዱ ተለውጧልና አይውጡ» ከማለት አብሯቸው ወጥቶ አዲሱን መንገድ እንዲያጠኑት ማድረግ ይሻላል።

ስለ ንባብ ደግሞ ልናገር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ ቀኑን በእርሻና በቤት ሥራ የዋሉ ጎልማሶችና አረጋውያን ማታ ማታ ተሰብስበው ፊደል የቆጠሩበት ነበር። ያን ጊዜ በእነዚያ ሰዎች አንጎል ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደ ነበር ዛሬ ከሌላ አገር በተገኘ ጥናት መገመት እንችላለን። በኮሎምቢያ ትጥቃቸውን ፈትተው ወደ ሰላማዊ ኑሮ የተመለሱና ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ማንበብ የተማሩ የቀድሞ ታጣቂዎች ተመርምረው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። ገና ካልተማሩት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለንባብ በሚያገለግሉት የአንጎል ክፍሎችና የግራና የቀኙን አንጎል በሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ ላይ ልዩነት ታየ። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ደሃንና ባልደረቦቻቸው ከብራዚልና ከፖርቱጋል የመጡ ሰዎችን መርምረው፣ ማንበብ መማር አንጎል የሚያየውን ብቻ ሳይሆን የሚሰማውን ንግግር የሚያስተናግድበትን መንገድ ጭምር እንደሚለውጥ፣ ለውጡም ካደጉ በኋላ በተማሩት ላይ ጭምር እንደሚገኝ አሳዩ።

ስለዚህ እናታቸው ማንበብ የማይችሉ ልጆች እዚህ ካላችሁ፣ ጊዜው አላለፈም። ፊደሉን የልጅ ልጅ ያስተምራቸው፤ ትምህርቱም ከሚፈልጉት ነገር ይጀምር፤ ከስልክ ላይ የልጃቸውን ስም መለየት፣ የመድኃኒቱን ወረቀት ማንበብ፣ ዳዊታቸውን ወይም ቁርኣናቸውን ራሳቸው መግለጥ ይሁን። ማንበብ የምንችለውም ቢሆን ለዓመታት የምናውቀውን ዓይነት ጽሑፍ ብቻ ከማንበብ ጥቂት የሚከብደንን አንሥተን፣ ያነበብነውን ለሌላ ሰው ማስረዳት ብንለምድ መልካም ነው፤ ማስረዳት የተረዳነውንና ያልተረዳነውን ይለይልናልና።

በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ያለው ሥርዓት ይህንኑ ነጥብ ያጎላልኛል። ዳዊት ደጋሚው 150 መዝሙራትን በቃሉ ይይዛል፤ ለመያዝ የደከመበት ዘመን ታላቅ የአንጎል ሥራ ነው፤ ከያዘው በኋላ ግን ከንፈሩ ሐሳቡን ሳይጠብቅ ሊያወርደው ይችላል። ባለ ቅኔው በአንጻሩ ለዕለቱ በዓል የሚስማማ፣ ከዚህ በፊት ያልተሰማ ቅኔ በግእዝ ሕግና በዜማው ልክ መቁጠር አለበት፤ የትናንቱን ለዛሬ አያመጣውም። የጸሎትን ዋጋ በአንጎል ሥራ መለካት ተገቢ ስላልሆነ አልለካውም፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ገፍቶ እንኳ ቅኔ የሚዘርፉ ሊቃውንት በየዕለቱ ለአዲስ ሥራ ይነሣሉ፤ እኛም ከእነርሱ ይህን ልንማር እንችላለን።

አሁን በጣም ልብ ወደሚነካው ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸውም ስትሮክ ከመታቸው በኋላ የምናስታምማቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ፔድሮ ባክ ኢ ሪታ በኒው ዮርክ ያስተምሩ የነበሩ የካታሎን ተወላጅ ገጣሚና ምሁር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959፣ በ65 ዓመታቸው፣ ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለ፣ መናገርም ተሳናቸው። በዘመኑ የነበረው ሕክምና ጥቂት ሳምንታት አግዟቸው ከዚህ በላይ ተስፋ የለም ተባለ። ሕክምና ይማር የነበረው ልጃቸው ጆርጅ አባቱን ሜክሲኮ ወደሚገኘው ቤቱ ወስዶ፣ ስለ ማገገም የተማረው ስላልነበረ፣ ሕፃን መራመድ በሚማርበት ቅደም ተከተል ጀመረ። አባትየው ትከሻቸውን በግድግዳ አስደግፈው በጉልበታቸው ዳኹ፤ ወለል ላይ የተንከባለለ ብይ በደካማው እጃቸው ለመያዝ ታገሉ፤ ድስት ሲያጥቡ በዚያው እጅ በአንድ አቅጣጫ ደጋግመው ያሹ ነበር፣ ከዚያም በተቃራኒው። ጎረቤቶች ሽማግሌውን እንደ እንስሳ በደጅ ያስድሃል ብለው ልጁን ወቀሱት። አባትየው ግን ከጊዜ በኋላ ቆመው ሄዱ፣ ተናገሩ፣ ወደ ማስተማር ሥራቸውም ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ ኮሎምቢያ ውስጥ ተራራ ላይ ሳሉ በልብ ሕመም ዐረፉ፤ አስከሬናቸው ሲመረመርም ስትሮኩ በአንጎላቸው ግንድ ላይ ያደረሰው ከባድ ጉዳት እንዳለ፣ ሳይድን ተገኘ። የዳነው ሰውየው ነበር፤ አንጎላቸው የተረፈውን ይዞ ሌላ መንገድ አበጅቷል። ሐኪም የነበረው ሌላው ልጃቸው ፖል ይህን ካየ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ለዚሁ ጥናት ሰጠ።

ይህ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን ኤድዋርድ ታውብ የተባሉት ተመራማሪ፣ አንድ የደከመ እጅ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚያቆመው ፈጽሞ ስለማይችል ሳይሆን አለመሥራትን ስለሚለምድ መሆኑን ደርሰውበት፣ ከዚህ ግኝት ሕክምና አወጡ። ሕክምናው ጤነኛውን እጅ በጓንት ሸፍኖ ደካማው እጅ ሥራውን እንዲሠራ ማስገደድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ትልቅ ጥናት፣ ስትሮክ ከመታቸው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ወር የሆናቸው 222 ሰዎች ተሳትፈው፣ ለሁለት ሳምንት በዚህ መንገድ የሠለጠኑት እጃቸው ከሌሎቹ በተሻለ ተፍታታ፤ መሻሻሉም ከአንድ ዓመት በኋላ አልጠፋም። ሕክምናው የሚሠራው ጣታቸውንና አንጓቸውን በጥቂቱም ቢሆን ማንቀሳቀስ ለሚችሉት ነው።

አሁን ይህን በእኛ ቤት ከሚደረገው ጋር አስተያዩት። አባታችን ቀኝ እጃቸው ሰንፎባቸው ሲመለሱ እናጎርሳቸዋለን፣ ቁልፋቸውን እንቆልፍላቸዋለን፣ ብርጭቆውን ከንፈራቸው ላይ እናደርስላቸዋለን። ለመናገር ሲታገሉም ቃሉን ቀድመን ጨርሰን እንናገርላቸዋለን። እያንዳንዱ ደግነት ለዚያ እጅና ለዚያ ምላስ የሚያስፈልገውን አንድ ሙከራ ይነጥቃል። ጉርሻ ከባህላችን መልካም ነገሮች አንዱ ነው፤ ለሚያገግም ሰው ግን እንጀራውን ራሱ እንዲቆርስ፣ ወጡ ቢፈስ እንኳ ሳይሸማቀቅ ደግሞ እንዲሞክር ትዕግሥት መስጠት ከጉርሻ ይበልጣል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሚገኝበት ቦታ ሁሉ በባለሙያው ምክር መሄድ ይገባል፤ ሰው ሳይወድቅ እንዲለማመድ ማድረግም የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው።

ስትሮክ ያልደረሰባቸውስ አረጋውያን? ነገሩ ያው ነው ብዬ አምናለሁ። ለበዓል ስንት ኪሎ ሽንኩርት፣ ስንት ቅመም፣ ስንት ዶሮ እንደሚያስፈልግ አስበው፣ በገበያ ተከራክረው፣ ከሻጩ መልስ ተቀብለው የሚቆጥሩት እናት ሒሳብን፣ ትዝታን፣ ንግግርንና እግርን በአንድ ጊዜ ያሠራሉ። ያን ሥራ ሙሉ በሙሉ ስንወስድባቸው የሚቀራቸው ቴሌቪዥን ነው። ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ እስራኤል የሄዱ እናቶች ሁኔታ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ልጆች ሥራ ውለው እስኪመጡ በአፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ፣ ቋንቋው ስለሚያስፈራቸው ከበር አይወጡም። አንዲት የአውቶቡስ መስመር አጥንተው በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መመለስ ቢችሉ፣ ከሱቁ ሠራተኛ ጋር ሰላምታ የሚለዋወጡበት ጥቂት ቃል ቢይዙ፣ ለአንጎላቸው ትልቅ ነገር ተደረገላቸው ማለት ነው።

«አንጎልን ያሠለጥናሉ» ተብለው በስልክ ስለሚሸጡ ጨዋታዎች በአጭሩ እናገራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት 11,430 ሰዎች ለስድስት ሳምንት ሠለጠኑ፤ በሠለጠኑባቸው ጨዋታዎች ጎበዙ፣ ይህ ጉብዝና ግን ወደ ሌላ ሥራ አልተሻገረላቸውም። ከእነዚህ ጨዋታዎች አንዱን የሚሸጠው የሉሞሲቲ ባለቤት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከማስረጃ በላይ ተስፋ በመስጠት በአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተከሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ገንዘባችሁን አትርፉ። በኒው ዮርክ ብሮንክስ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጥናት፣ ያነበቡ፣ የገበታ ጨዋታ የተጫወቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የተጫወቱና የጨፈሩ ሰዎች የመርሳት በሽታ ያነሰባቸው መሆኑን አግኝቷል። እርግጥ ነው፣ አንጎላቸው ቀድሞ መድከም የጀመረ ሰዎች ጨዋታውን ትተው ይሆናልና ምክንያቱንና ውጤቱን ፈጽሞ መለየት አይቻልም። ቢሆንም ገበጣ፣ ዳማና ካርታ በቤታችን አሉ፤ በገበጣ የባላጋራን ጠጠር በዓይን ቆጥሮ፣ ከየትኛው ጉድጓድ ቢነሣ የት እንደሚያልቅ አስቀድሞ ማስላት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ፊት ለፊትም ሰው ተቀምጧል። እስክስታም ቢሆን አካልን፣ ዜማንና ጓደኛን በአንድነት የሚጠይቅ ነው።

በእግር መሄድ ከሁሉ በርካሽ የሚገኝ ነው። ኪርክ ኤሪክሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት 120 አረጋውያንን ከሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ40 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ፣ ግማሾቹ ሰውነት የሚያፍታታ ቀላል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ አደረጉ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተራመዱት ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ ሲያድግ፣ የሌሎቹ በ1.4 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ አንዳንድ ጥናቶች ይህን ያህል ዕድገት አላገኙም፤ መራመድ ለልብ፣ ለደም ሥርና ለእንቅልፍ ያለው ጥቅም ግን አያከራክርም፣ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ አንጎልን የሚጠብቁ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው።

እንቅልፍን ስናነሣ፣ ቀን የተማርነው የሚረጋው ሌሊት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክናውተን እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ ቀን መንገድ ሲፈልግ የዋለ አይጥ ሲተኛ በሂፖካምፐሱ ውስጥ አብረው የሠሩት ሕዋሳት እንደገና አብረው ይሠራሉ። አዋቂ ሰው ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ መተኛት ይገባዋል። የቡናው ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸው ሰዎች የአመሻሹን ቡና ወደ ጠዋት ቢያዞሩት ይሻላል። የቡናውን ወግ ግን አንንካው፤ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ የሚደረገው ጨዋታ፣ የአንዱን ነገር ሰምቶ ለሌላው መመለስ፣ የጥንቱን ማስታወስ ለአንጎል የሚስማማ ሥራ ነው።

በዚያ ጨዋታ መካከል ዝም ብለው የሚቀመጡ አዛውንት ካሉ ግን ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ «ጃጁ» የምንላቸው ሰዎች ጆሯቸው አልሰማ ብሎ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከሚታየው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉ ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር እንደሚያያዝ ሲገልጽ፣ ከእነዚህ መካከል የመስማት መቀነስ፣ ያልታከመ የዓይን ችግር፣ የትምህርት ማነስ፣ ብቸኝነት፣ ድብርት፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ የአየር ብክለትና የጭንቅላት ጉዳት ይገኛሉ። ጆሮ በኩክ ተደፍኖ ከሆነ በጤና ጣቢያ ይጸዳል፤ የዓይን ሞራ ይገፈፋል፤ የመስሚያ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸውም ቢያገኙ ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት መሣሪያው ለሁሉም እኩል ባይጠቅምም፣ ለበሽታው ይበልጥ ለተጋለጡት የማሰብ ችሎታ መድከምን በሦስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ያህል እንዳዘገየ አሳይቷል።

ከ14ቱ ምክንያቶች በእኛ ዘንድ በጣም የሚያሳስበኝ የደም ግፊት ነው፤ ሳያሳምም የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳልና። በአሜሪካ ከ9,300 በላይ ሰዎች በተሳተፉበትና የአንጎል ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት፣ የላይኛው ግፊታቸው ከ120 በታች እንዲሆን የታከሙት ከ140 በታች ይበቃል ከተባሉት ይልቅ ቀላል የማስታወስ ድካም በ19 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ለእያንዳንዱ ሰው የሚስማማውን ልክ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ግፊቱን ማስለካት፣ ጨውን መቀነስና፣ በተለይም፣ ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ማቋረጥን መከላከል ነው። መድኃኒቱን የሚወስዱበትን ሰዓት ራሳቸው በወረቀት እየመዘገቡ እንዲከታተሉት ቢደረግ፣ ልጆች በየቀኑ እያቀበሉ ከሚያስውጧቸው ይሻላል፤ ልጆች በሳምንት አንድ ጊዜ መዝገቡን ይመልከቱ።

በመጨረሻ የማነሣው ከእርጅና ጋር ሊምታታ የማይገባውን ነው። ሰው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ ቢረሳ፣ ስም ቢጠፋውና ቆይቶ ቢመጣለት የሚያስደነግጥ አይደለም። ለዓመታት የኖረበት ሰፈር ውስጥ መንገድ መጥፋት፣ አንድን ጥያቄ በደቂቃዎች ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ዕድሜ ልክ ሲሠሩት የኖሩትን ወጥ ቅደም ተከተሉን ማጣት ግን ምርመራ ይፈልጋል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስና ድብርት ሰውን የመርሳት በሽታ የያዘው ያስመስሉታል፤ ሦስቱም ይታከማሉ። ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከመቱ ከሳምንታት በኋላ እየፈዘዙ የሚሄዱ አዛውንት ደም በራስ ቅላቸው ውስጥ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል መውደቃቸውን ለሐኪሙ መንገር አስፈላጊ ነው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መቀባዠር ከኢንፌክሽን፣ ከሰውነት ውኃ ማነስ ወይም ከመድኃኒት ሊመጣ ይችላል። አፍ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ ወይም አንደበት ከተያያዘ፣ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ይዞ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ሰዓት ነው።

ስለ ሰማችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ብትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።